ስዊች ሲታደስ ቪኤሞቹን ማን ይጠብቃቸው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የስዊች (የኔትወርክ ኬብሎች የሚሰኩበት ሳጥን) ፈርምዌር፣ ማለትም ውስጡ ያለውን ሶፍትዌር፣ ልታድሱ ነው እንበል። ወይም አሮጌውን ነቅላችሁ አዲስ ልትተክሉ ነው። ሥሩ ደግሞ ሃያ ሠላሳ ቪኤም (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) የተሸከሙ ሆስቶች (ቪኤሞቹን የሚያሠሩት ሰርቨሮች) ተሰክተዋል። በዚህ ጉዳይ የሚደውሉልኝ ልጆች ብዙ ናቸው። ጥያቄውም ያው ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብስቤ አስቀመጥኩት። ምሳሌዎቼ ቪኤም ከሚያሠሩት ሶፍትዌሮች፣ ከቪኤምዌር፣ ከፕሮክስሞክስና ከሃይፐር-ቪ ናቸው።

ስዊቹ ለአምስት ደቂቃ ቢጠፋ ምን ይመጣል? ኔትወርክ ነው፣ ይመለሳል አይደል?

ኔትወርኩማ ይመለሳል። ግን በነዚያ አምስት ደቂቃዎች ክላስተሩ፣ ማለትም እንደ ቡድን የተሳሰሩት ሆስቶች፣ እጁን አጣጥፎ አይጠብቃችሁም። ሆስቶቹ እርስ በርስ ድምፅ ሲጠፋፉ «ጓደኛዬ ሞቷል» ብለው ይደመድማሉ። ከዚያ ወይ የሞተውን ሆስት ቪኤሞች ሌላ ቦታ ለማስነሳት ይሯሯጣሉ፣ ወይ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ዲስኩም በዚያው ኔትወርክ የሚመጣ ከሆነ ቪኤሞቹ መጻፊያ ያጣሉ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቪኤም የሚገድለው ሊያድነው የተቀመጠው ጠባቂ ነው፤ ኤችኤ ይባላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ከሞላ ጎደል ያንን ጠባቂ «ዛሬ ማታ የምትሰማው ነገር አለ፣ አትደንግጥ» ብሎ አስቀድሞ ስለመንገር ነው።

ፕሮክስሞክስ ላይ ሁሉም ሆስቶች አንድ ላይ ሪስታርት አደረጉ። የነካነው ስዊች ብቻ ነው። ምን ተፈጠረ?

እኔም ደርሶብኛል። ሦስት ሆስት ነበረን። ስዊቹን ሪስታርት አደረግኩት፣ ቡና ልቅዳ ብዬ ዞር አልኩ፣ ስመለስ የሰርቨር ክፍሉ እንደ አውሮፕላን ይጮሃል። የሰርቨር ፋን እንደዛ የሚጮኸው ማሽኑ ከዜሮ ሲነሳ ነው። ሦስቱም በአንዴ! ቡናውን የት እንዳስቀመጥኩት እስከዛሬ አላስታውስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፕሮክስሞክስ ሆስቶች የሚነጋገሩት ኮሮሲንክ በሚባል ነገር ነው። አንድ ሆስት ከብዙኃኑ ጋር ሲቆራረጥ ኮረም አጣ ይባላል። ኮረም ያጣው ሆስት በኤችኤ የሚጠበቅ ቪኤም ተሸክሞ ከሆነ ዋችዶጉ (ሆስቱን የሚከታተለው ሰዓት ቆጣሪ) 60 ሰከንድ ያህል ይታገሰውና ራሱን ሆስቱን ሪስታርት ያደርገዋል። ይሄ ስህተት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ያው ቪኤም ሁለት ሆስት ላይ ተነስቶ አንድ ዲስክ ላይ ሲጽፍ ዳታው ገደል ይገባልና። አንድ ሆስት ብቻ ሲቆራረጥ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ሁሉንም የሚያገናኘው ስዊች ሲጠፋ ግን እያንዳንዱ ሆስት «ብቻዬን ቀረሁ» ብሎ ሁሉም በአንድ ላይ ራሱን ያጠፋል።

መድኃኒቱ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ኤችኤን ማሳረፍ ነው። መጀመሪያ በሁሉም ሆስቶች ላይ የኤችኤ ኤልአርኤም አገልግሎትን (በየሆስቱ ያለውን የኤችኤ ሠራተኛ) አቁሙ። ሁሉም ላይ መቆሙን ካያችሁ በኋላ ሲአርኤሙን (የክላስተሩን የኤችኤ አስተባባሪ) አቁሙ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ቪኤሞቹ እየሠሩ ይቀጥላሉ፤ የሚያርፈው ጠባቂው ነው። ስዊቹ ሲመለስና ክላስተሩ ኮረም እንዳለው ስታረጋግጡ መልሳችሁ አስነሷቸው።

ለዘለቄታው ግን ኮሮሲንክን ሁለተኛ መንገድ ስጡት። ፕሮክስሞክስ ከስሪት 6 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ እስከ 8 የተለያዩ መስመሮች ይቀበላል። ኮሮሲንክ የሚፈልገው ፈጣን ምላሽ እንጂ ሰፊ መስመር አይደለም፤ አንዲት ተራ የአንድ ጊጋ ስዊችና ሦስት ኬብል ይበቃሉ። ብሮድኮም ቪኤምዌርን ከገዛ ወዲህ ወደ ፕሮክስሞክስ የተሰደደው ሰው ብዙ ነው፤ ይህቺን ትንሽ ስዊች ግን አብዛኛው ረስቷታል።

ቪኤምዌር ላይስ?

እዚያ ጠባቂው ይሉኝታ አለው፤ እንደ ቅንብሩ ነው። የቪኤምዌር ኤችኤ በየሰከንዱ የልብ ትርታ ይላላካል። ትርታ የጠፋበት ሆስት የኔትወርኩን ጌትዌይ (መውጫ በሩን) ፒንግ ያደርጋል፣ ማለትም «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። እሱም ካልመለሰለት «ተነጥያለሁ» ብሎ ያውጃል። ከዚያ የሚሆነውን የሚወስነው የአይሶሌሽን ሪስፖንስ ቅንብር ነው፦ ቪኤሞቹን እንዳሉ መተው፣ በሥርዓት መዝጋት፣ ወይም መብራታቸውን መንጠቅ። ቅንብሩን የሞላው ሰው ከሦስት ዓመት በፊት ሥራ ከለቀቀ ምን እንደመረጠ ሂዱና እዩ። አታስታውሱም፣ እሱም አያስታውስም።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ጌትዌይ ብዙ ቦታ የምታድሱት ስዊች ራሱ ነው! ስለዚህ ሆስቱ እውነቱን የሚጠይቀው የሚጠፋውን ዕቃ ነው።

ለዕድሳቱ ማታ ኤችኤን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አያስፈልግም። የክላስተሩ ኤችኤ ቅንብር ውስጥ ሆስት ሞኒተሪንግ የሚለውን ምልክት ማንሳት ይበቃል፤ ቪኤምዌር ራሱም ለኔትወርክ ጥገና የሚመክረው ይሄንኑ ነው። ዲአርኤስንም ወደ ማኑዋል ቀይሩት። እናንተ ኬብል ስትነቅሉ እሱ ቪኤም ከሆስት ሆስት ሲያጓጉዝ ማየት አትፈልጉም።

«ዳታስቶር (የቪኤሞቹ ዲስክ የሚቀመጥበት) ላይም የልብ ትርታ አለ፣ እሱ አያድነንም ወይ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ስቶሬጁ በፋይበር ቻናል (ለዲስክ በተለየ ኔትወርክ) ለብቻው ከመጣ ያግዛል። በአይስካዚ ወይም በኤንኤፍኤስ (ዲስክን በተራው ኔትወርክ በሚያመጡት መንገዶች) በዚያው ስዊች ከመጣ ግን አብሮ ነው የሚጠፋው።

ሃይፐር-ቪ?

ከዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ጀምሮ ትዕግሥት ተምሯል። ከክላስተሩ የተቆራረጠ ሆስት ወዲያው አይባረርም፤ «አይሶሌትድ» ተብሎ 240 ሰከንድ ይጠበቃል፣ ቪኤሞቹም እየሠሩ ይቆያሉ። ስቶሬጅ ሲጠፋ ደግሞ ቪኤሙን ፖዝ አድርጎ ያቆየዋል። ግን 240 ሰከንድ አራት ደቂቃ ነው፤ ብዙ ስዊች በአራት ደቂቃ ተነስቶ አያልቅም። ሌላው ወጥመድ፣ አንድ ሆስት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ከወጣና ከገባ ክላስተሩ ለሁለት ሰዓት ኳራንቲን ያስገባዋል። ስዊቹን ደጋግማችሁ ሪስታርት ካደረጋችሁ ይሄ ይደርስባችኋል።

ስቶሬጃችን በዚያው ስዊች ነው የሚመጣው። ቪኤሞቹን ማጥፋት ግድ ነው?

ሁለተኛ መንገድ ከሌለ፣ አዎ፣ አጥፉ። ይሄንን ስል ብዙ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። «ትንሽ ደቂቃ ነው፣ ይታገሳል» ይላል። እስኪ የሚታገሰውን እንቁጠር። ዊንዶውስ ቪኤም ቪኤምዌር ቱልስ (ቪኤሙ ውስጥ የሚጫን አጋዥ ሶፍትዌር) ካለው ዲስክ የሚጠብቀው 60 ሰከንድ ነው። ሊኑክስ በራሱ 30 ሰከንድ፣ ቱልሱ ሲጫንበት 180። ሆስቱ ራሱ ሁሉም የዲስክ መንገዶች ከጠፉበት 140 ሰከንድ ቆጥሮ ተስፋ ይቆርጣል። ስዊቹ ደግሞ ፈርምዌር ጭኖ፣ ራሱን ፈትሾ፣ ፖርቶቹን እስኪከፍት አምስት ደቂቃም አሥር ደቂቃም ይፈጃል። ሒሳቡ አይገጥምም።

ከሁሉ የሚያናድደው ሊኑክስ ላይ የሚመጣው ነው። ዲስኩ ሲጠፋበት ፋይል ሲስተሙን «ማንበብ ብቻ» ያደርገዋል። ቪኤሙ ይኖራል። ፒንግ ይመልሳል። የክትትል ሰሌዳው አረንጓዴ ነው። ግን አንዲት ፊደል አይጽፍም፤ ሎግ እንኳን መጻፍ ስለማይችል ምን እንደሆነ አይነግራችሁም። ጠዋት የሒሳብ ክፍል ሰው «ደረሰኝ አልወጣ አለኝ» ብሎ ሲደውል ነው የምታውቁት።

ስለዚህ አጥፉ፣ በተራ። መጀመሪያ አፕሊኬሽኖቹ፣ ቀጥሎ ዳታቤዞቹ፣ መጨረሻ ላይ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው) እና ዶሜይን ኮንትሮለር (የተጠቃሚዎችን መግቢያ የሚቆጣጠረው)። ስታስነሱ በተቃራኒው። የሆስቶቹን የአይፒ አድራሻ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ዲኤንኤሱ ራሱ ቪኤም ስለሆነ በስም ልታገኟቸው አትችሉም። ቪሴንተር (የቪኤምዌር ማስተዳደሪያ) የትኛው ሆስት ላይ እንዳለም ጻፉ። እሱም ቪኤም ነው፣ ጠፍቶ ሳለ አሥር ሆስት አንድ በአንድ እየከፈቱ መፈለግ በእኩለ ሌሊት ደስ አይልም።

ስቶሬጁ ሴፍ (Ceph፣ ዳታውን በሆስቶቹ ዲስኮች ላይ የሚያከፋፍል ሥርዓት) ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ኖአውት የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ካላደረጋችሁ ከ600 ሰከንድ በኋላ የጠፉትን ዲስኮች ከክላስተሩ ያስወጣና ዳታውን ወደ ሌሎቹ መገልበጥ ይጀምራል። ቪሳን (የቪኤምዌር ተመሳሳይ ሥርዓት) 60 ደቂቃ ይታገሳል፣ እሱ ይሻላል።

እኛ ሁለት ስዊች፣ ለእያንዳንዱ ሆስት ሁለት ኬብል አለን። ታዲያ ምን ያስጨንቀናል?

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ ሁለት ያላት ግን ሁለት መሆናቸውን አይታ ትተኛ።

ስታክ ከሆኑ ሁለት አይደሉም። በሲስኮ ካታሊስት ስታክ ሁለቱ ስዊቾች አንድ አንጎል ነው ያላቸው፤ በተለመደው አካሄድ አዲስ ሶፍትዌር ስትጭኑና ሪሎድ ስትሉ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ከፊት ሲታይ ሁለት ሳጥን፣ ከጀርባ አንድ ስዊች። በሲስኮ ኔክሰስ ቪፒሲ ወይም በሌሎች ኤምላግ (ሁለት ስዊቾች ለሆስቱ እንደ አንድ በሚታዩበት ዘዴ) ግን እያንዳንዱ የራሱ አንጎል ስላለው አንዱን አድሶ፣ አረጋግጦ፣ ሌላውን ማደስ ይቻላል። ስዊች ልትገዙ ከሆነ ይሄንን ልዩነት ከዋጋው በፊት ጠይቁ።

ኬብሉም ያታልላል። ሁለቱም ኬብሎች አንድ ስዊች ላይ የተሰኩበትን ራክ ስንቴ እንዳየሁ አልቆጠርኩም። የሆነ ቀን አንድ ሰው ፖርት ሲጎድልበት «ለጊዜው» ብሎ ቀይሮት ነው። በዓይን አትመኑ። ኢኤስኤክስአይ (የቪኤምዌር የሆስት ሶፍትዌር) ላይ በሲዲፒ (ስዊች ራሱን ለጎረቤቱ በሚያስተዋውቅበት ዘዴ) እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ የትኛው ስዊች፣ የትኛው ፖርት ላይ እንደተሰካ ማየት ይቻላል። ከዚያ ከዕድሳቱ ጥቂት ቀን በፊት፣ ሰው ባለበት ሰዓት፣ የአንድ ሆስት አንድ ፖርት ዝጉና እዩ። ጸጥ ካለ ክፈቱትና ሌላውን ዝጉ። ከዚያ ቀጣዩን ሆስት። አሰልቺ ነው፣ ግን ማታ ላይ ከመደንገጥ ይሻላል።

ኤልኤሲፒ (ሁለት ኬብሎችን እንደ አንድ የሚያስተሳስር ዘዴ) ካላችሁ ሰዓቱን ተመልከቱ። በዝግታው ቅንብር አንዱ ወገን መሞቱን ለማወቅ 90 ሰከንድ፣ በፈጣኑ 3 ሰከንድ ነው። ኬብል ሲነቀል ሁለቱም ወዲያው ያውቃሉ፤ መብራቱ በርቶ አንጎሉ የተኛ ስዊች ሲያጋጥም ነው ልዩነቱ የሚመጣው።

ስዊቹ ሲጠፋ ምንም አልሆነም። የተቋረጠው ተመልሶ ሲነሳ ነው። ይሄ እንዴት ይሆናል?

ይሄንን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም የጠየቀኝ ሁሉ በመጀመሪያ ራሱን ይጠራጠራል።

ስዊች ሲነሳ የፖርቱ መብራት ቀድሞ ይበራል፣ ትራፊክ ማስተላለፍ የሚጀምረው በኋላ ነው። ሆስቱ ግን መብራቱን ብቻ ነው የሚያየው። «መጣ!» ብሎ ቪኤሞቹን ወደዚያ ኬብል ይመልሳል። ፌይልባክ ይባላል፣ ቪኤምዌር ላይ ካልነካችሁት በርቶ ነው የሚመጣው። ላዩ ላይ ደግሞ ስፓኒንግ ትሪ (ትራፊክ በኬብሎች መካከል ዙሪያውን እንዳይሽከረከር፣ ማለትም ሉፕ እንዳይፈጠር የሚጠብቀው) አለ፤ በድሮው ሥርዓት አንድ ፖርት ለማዳመጥ 15 ሰከንድ፣ ለመማር 15 ሰከንድ፣ በድምሩ 30 ሰከንድ ዘግቶ ይቀመጣል። በዚያ 30 ሰከንድ ቪኤሞቹ ግድግዳ እያናገሩ ነው።

ሁለት ነገር አድርጉ። ወደ ሆስት የሚሄዱትን ፖርቶች ሁሉ ፖርትፋስት (ሳይጠብቁ ወዲያው የሚከፈቱ) አድርጓቸው፣ ትራንክ (በአንድ ኬብል ብዙ ኔትወርኮችን የሚያሳልፉ) ስለሆኑ የትራንኩን ዓይነት ምረጡ። የኢኤስኤክስአይ ቪስዊች ስፓኒንግ ትሪ አይሠራም፤ ስለዚህ ከሱ በኩል ሉፕ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ፖርት ያለምክንያት ነው የሚጠብቀው። ሁለተኛ፣ ለዕድሳቱ ማታ ፌይልባክን አጥፉ። የመጀመሪያው ስዊች ተመልሶ፣ እናንተም ፈትሻችሁ፣ ከዚያ በራሳችሁ እጅ መልሱት። ሁለተኛውን ስዊች የምትነኩት ከዚያ በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል ቢያንስ አንድ ቡና ይጠጣ።

ስናፕሾት ከወሰድን አይበቃም?

አይበቃም። ስናፕሾት (ቪኤሙ በዚያች ሰዓት የነበረበትን ሁኔታ የሚይዘው ቅጂ) የሚቀመጠው ያው ዳታስቶር ላይ ነው። ስቶሬጁ ከተበላሸ አብሮ ይበላሻል። ደግሞ ማን እንደሚረሳው እናውቃለን፤ ቪኤምዌር ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩት ይላል፣ እኔ የስድስት ወር አይቻለሁ። ባክአፕ ውሰዱ፣ አንዱንም መልሳችሁ አስነስታችሁ ሞክሩ። የዚያን ማታ የባክአፕ ፕሮግራም ግን አቁሙት፤ ስዊቹ ሲጠፋ ባክአፑ መሃል ላይ ከተያዘ ስናፕሾት ጥሎ ይሄዳል።

ስዊቹን ራሱንስ እንዴት እናዘጋጀው?

መጀመሪያ ኮንፊጉን (የስዊቹን ቅንብር) ሴቭ አድርጉ። ቀልድ አይደለም። ሁለት ሦስት ዓመት ሳይጠፋ የሠራ ስዊች ውስጥ አንድ ሰው የጨመረው፣ ግን ሴቭ ያላደረገው ቪላን (በስዊቹ ውስጥ ለብቻው የተከፈለ ኔትወርክ) ሁሌም ይገኛል። ሪሎድ ስትሉት ያ ቪላን እንደ ጉም ይተናል። ሴቭ ከማድረጋችሁ በፊት የሚሠራውንና የተቀመጠውን ኮንፊግ አነጻጽሩ፤ ልዩነቱ ታሪክ ይነግራችኋል።

ከዚያ ኮፒውን ላፕቶፓችሁ ላይ አውርዱ። የቲኤፍቲፒ ሰርቨሩ (ስዊቾች ፋይል የሚልኩበት) ላይ አይደለም፤ የቲኤፍቲፒ ሰርቨሩ ቪኤም ነው! የአዲሱን ሶፍትዌር ቼክሰም (ፋይሉ አለመበላሸቱን የሚያሳየውን ቁጥር) አመሳክሩ፣ አሮጌውን ከፍላሹ ላይ አትሰርዙ። ኮንሶል ኬብል (ላፕቶፕን በቀጥታ ከስዊቹ ጋር የሚያገናኘውን) ያዙና ከዕድሳቱ ቀን በፊት ሰክታችሁ ሞክሩት፤ ሲስኮ ከሆነ ፍጥነቱ 9600 ነው። ሌላ ድርጅት የሠራቸው ኤስኤፍፒዎች (ስዊቹ ላይ የሚሰኩ የኬብል ማገናኛዎች) ካሏችሁ ደግሞ አዲሱ ሶፍትዌር ላይቀበላቸው ይችላል። አንድ ሁለት ኦርጅናል አስቀምጡ።

ሰዓቱ መቼ ይሁን?

ሌሊት። ግን የትኛው ሌሊት? ደብዳቤው ላይ «2:00» ተጽፎ አንዱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ ሌላው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ብሎ ሲመጣ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ራት ሰዓት ላይ የሥራ ሰርቨር ሊያጠፋ ነበር፣ ደግነቱ ደወለ። በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ጻፉ፣ አጠገቡ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» በሉ። አሜሪካ ወይም ዱባይ ሆኖ የሚያግዛችሁ ወዳጅ ካለ ለሱም በሱ ሰዓት ጻፉለት፤ አሜሪካ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ይቀይራል፣ እኛ አንቀይርም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አትንኩ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ነው የሚዘጋው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ የሒሳብ ሰዎች በሰላም አይለቋችሁም። ዩፒኤሱንም ፈትሹ። ፈርምዌር እየጫነ ያለ ስዊች ላይ መብራት ሲሄድ ማየት ለጠላቴም አልመኝም።

ቤቴ ሆኜ በቪፒኤን ልሥራው?

ቪፒኤኑ የሚገባው በየትኛው ስዊች ነው? የሰርቨሮቹ አይሎ ወይም አይድራክስ (ሰርቨሩን ከርቀት የሚያስተዳድሩበት መግቢያ) የተሰካው በየትኛው ነው? መልሱ «በዚያው» ከሆነ ጫማችሁን አድርጉ።

ሲያልቅ ምን ልፈትሽ?

ፒንግ መለሰ ብላችሁ ወደ ቤት አትሂዱ። ጃምቦ ፍሬም (ከተለመደው የሚተልቅ ፓኬት) የምትጠቀሙ ከሆነ ትንሹ ፒንግ ሁሌም ያልፋል፤ የሚወድቀው ትልቁ ነው። ኤምቲዩው (የፓኬቱ መጠን ጣሪያ) 9000 ከሆነ ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ አድርጋችሁ በ8972 ባይት ፒንግ አድርጉ። 28ቱ የአይፒና የአይሲኤምፒ ራስጌ ነው። ይሄ ካላለፈ አይስካዚው ይገናኛል፣ ይነሳል፣ ዳታ ሲበዛበት ይንተፋተፋል፤ ችግሩንም ስቶሬጁ ላይ ስትፈልጉ ሁለት ቀን ያልቃል።

ከዚያ የእያንዳንዱን ዳታስቶር መንገዶች ቁጠሩ፤ አራት ከነበሩ አራት መመለስ አለባቸው፣ በሁለት እየሠራ ያለ ክላስተር ምንም ቅሬታ አያሰማም። አንድ የማይጠቅም ቪኤም ከሆስት ሆስት አዘዋውሩ። ሊኑክሶቹ ላይ ግቡና አንድ ፋይል ጻፉ።

መጨረሻ ላይ ያሳረፋችሁትን ጠባቂ ቀስቅሱት። ሆስት ሞኒተሪንግን መልሱ፣ ዲአርኤሱን መልሱ፣ ፌይልባኩን፣ የሴፉን ኖአውት፣ የባክአፑን ፕሮግራም፣ የፕሮክስሞክስን ኤችኤ። እኔ ያጠፋሁትን ሁሉ በእስክርቢቶ ወረቀት ላይ እጽፍና ራኩ በር ላይ በፕላስተር እለጥፈዋለሁ፤ እያንዳንዱን ሳልሰርዝ በሩን አልዘጋም። አንድ ጊዜ ብቻ ሳልጽፍ ቀርቼ ኤችኤ ለሁለት ወር ጠፍቶ ቆይቷል፣ ያወቅሁትም አንድ ሆስት እውነት የሞተ ቀን ነው።